ለልጄ፣ የልጅሽ አርባ ቀን ሳይደርስ

የኔ ልጅ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሕፃኑስ እንዴት ነው? ጡት በደንብ ይይዛል? እዚህ ደብረ ብርሃን ብርዱ ጠንክሯል። ጋቢዬን ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው እሑድ በስልክ «አባዬ፣ አናስጠምቀውም። በጸሎት ይባረካል፣ ሲያድግ አምኖ ራሱ ይጠመቃል» ስትይኝ «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። መስማማቴ አልነበረም፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው። ብቀጥል ድምፄ ከፍ ይል ነበር። አራስ ላይ ደግሞ አይጮህም። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ በጠዋት ወረቀት አወጣሁ።

አማትሽም ደውለውልኝ ነበር። እሳቸውም ተጨንቀዋል። መካነ ኢየሱስ ሕፃን ታጠምቃለች፤ ባለቤትሽም የተጠመቀው በእናቱ ክንድ ላይ ሆኖ ነው። ስለዚህ ነገሩን «ኦርቶዶክስና ጴንጤ» ብለን ልንገላገለው አንችልም። እኔ ተዋሕዶ፣ እሳቸው ሉተራን፣ አንቺ መሠረተ ክርስቶስ። አንድ ሕፃን ዙሪያ ሦስት ሆነን ቆመናል፤ ሦስታችንም የምንገልጠው አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ተናድጄ እንደነበር ታውቂያለሽ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ከየት እንደመጡ ሳላውቅ መናደድ አልሆነልኝም። ፈልጌ አነበብኩ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1525 ጥር ወር ነው ነገሩ የጀመረው፣ ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ከተማ ውስጥ። የከተማው ምክር ቤት ያልተጠመቀ ሕፃን ሁሉ በ8 ቀን ውስጥ ይጠመቅ፣ እምቢ ያለ ከከተማው ይውጣ ብሎ አወጀ። ኮንራድ ግሬብል የሚባለው ወጣት በዚያው ወር ሴት ልጅ ተወልዳለት ነበር። አላስጠመቃትም። አዋጁ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማታ ቤት ተሰብስበው ግሬብል ጆርጅ ብላውሮክን አጠመቀው። ብላውሮክ ደግሞ ሌሎቹን አጠመቀ። ሁሉም በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ።

ከመካከላቸው አንዱ ፌሊክስ ማንዝ ይባላል። ስሙ የኛን መንዝ ይመስላል፤ ለዚህም ይሆናል ከአእምሮዬ ያልወጣው። ጥር 5 ቀን 1527 እጁን አስረው ሊማት ወንዝ ውስጥ አሰጠሙት። ሰው በውኃ ቢያጠምቅ በውኃ ቀጡት። እናቱ ወንዙ ዳር ቆማ ነበር። «ተመለስ ልጄ፣ ተው» አላለችም። ጽና ነው ያለችው። እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔ ልጄ እንደዚያ ወንዝ ውስጥ ብትቆም ምን እል ነበር? ዛሬም መልስ የለኝም።

ከዚያ ወገን ሜኖናይት የሚባሉት መጡ። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ሲያክሙ የነበሩት እነሱ ናቸው። ያንቺ ቤተ ክርስቲያን ከነሱ ሥራ በቀለች። ደርግ በ1974 ዓ.ም. ዘግቷት መሪዎቿን ሲያስር እኔ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ያኔ ግድም አልሰጠኝ። አሁን ያሳፍረኛል። ስለ እምነቱ ወህኒ የወረደን ሰው «መጤ» ማለት ከአፌ እንዳይወጣ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ግን አንቺም አንድ ነገር ስሚኝ። «ሕፃን ማጥመቅ በኋላ የመጣ የሰው ሥርዓት ነው» አልሽኝ። ይሄ እንዳልሽው ቀላል አይደለም። በ200 ዓ.ም. ገደማ ቅርጣግና ላይ፣ እዚሁ አፍሪካችን ውስጥ፣ ጠርጡሊያኖስ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ «ምንም ያልበደለ ሕፃን ወደ ኃጢአት ሥርየት ምን ያስቸኩለዋል? ይቆይ» ብሎ ጽፏል። ያንቺን ሐሳብ ነው የተናገረው። ይቆይ ማለቱ ግን ያን ጊዜ ሕፃናት ይጠመቁ እንደነበር ያሳያል፤ ያልተደረገን ነገር ማንም አይከለክልም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ እዚያው ቅርጣግና የከተማዋ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ከ66 ጳጳሳት ጋር ተቀመጠ። አንድ ጳጳስ «እንደ ግዝረት እስከ ስምንተኛው ቀን እንጠብቅ» ብሎ ጠይቆ ነበር። መልሳቸው ስምንት ቀን እንኳ አትጠብቅ የሚል ሆነ፤ የእግዚአብሔር ጸጋ ለተወለደ ሁሉ ነውና። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ደግሞ ሕፃኑን የሚያሰጋው ነገር ከሌለ ሦስት ዓመት ገደማ ይሁነው ይላል። እኛ አርባና ሰማንያ እንላለን፤ ከኦሪት ዘሌዋውያንና ከኩፋሌ ተቀብለን፣ አዳም በአርባ ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት ገቡ ብለን። ቀኑ ላይ አባቶችም አንድ አልነበሩም።

አንቺ ሁልጊዜ የምትጠቅሽው «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» የሚለውን ነው። መጀመሪያ ማመን፣ ከዚያ መጠመቅ። ልክ ነሽ፣ ቅደም ተከተሉ እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር» እላለሁ። ሰው ሲል ሕፃኑን አልለየም። እንዲህ ጥቅስ ስንወራወር እስከ ፋሲካ ልንቆይ እንችላለን። ግን አንድ ቦታ አለ፣ ደጋግሜ የማነበው። አራት ሰዎች ሽባውን ጣራ አፍርሰው ጌታ ፊት ያወረዱት። ማርቆስ ምን ይላል? «እምነታቸውን አይቶ»። እምነቱን አላለም። የተሸከሙትን ሰዎች እምነት አይቶ ነው «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ያለው። ክርስትና እናትሽ ወደ ምዕራብ ዞራ ስለ አንቺ ሰይጣንን ስትክድ፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስለ አንቺ ስታምን፣ ያንን ነው ያደረገችው። ተሸክማሽ ነበር።

አሁን ለአንቺ ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ።

ከአንቺ በፊት ወንድም እንደነበረሽ ታውቂያለሽ። እንዴት እንደሞተ ግን አልነገርንሽም። 26 ቀኑ ነበር። ማታ ላይ ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር። እናትሽ «ቄስ ጥራ፣ ይጠመቅልኝ» አለችኝ። ለሞት የሚያሰጋ ሕፃን አርባ ቀን እንደማይጠበቅለት ታውቅ ነበር። እኔ «ጉንፋን ነው፣ ሲነጋ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን» አልኳት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲብስበት ሮጥኩ። ቄሱ ካባቸውን እንኳ ሳይደርቡ ተከተሉኝ። ስንደርስ አልፏል። እናትሽ ድስት ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አዘጋጅታ ነበር። ውኃው ገና ይሞቅ ነበር።

የተቀበረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው። ለቅሶ ላይ አንዲት ሴት «ምስኪን፣ ሳይጠመቅ…» ብላ ተወችው። እናትሽ ያንን ቃል እስክትሞት ተሸከመችው። ሌሊት እየተነሳች «የት ነው ያለው?» ትለኝ ነበር። እኔ ምን ልበላት? አውግስጢኖስ ያልተጠመቀ ሕፃን ይፈረድበታል ብሎ አስተምሯል፣ ፍርዱ የቀለለ ቢሆንም። ያው አውግስጢኖስ በልጅነቱ ታሞ ጥምቀት ለምኖ፣ ሲሻለው ተራዝሞበት፣ በ387 ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነው የተጠመቀ። በዚያ መካከል ሞቶ ቢሆን እናቱ ሞኒካ ምን ትሆን ነበር? እዚህ ላይ አልከተለውም። ካቶሊኮችም በአውሮፓውያን 2007 የሃይማኖት ሊቃውንታቸው ተሰብስበው፣ ሳይጠመቁ ለሚሞቱ ሕፃናት የመዳን ተስፋ የምናደርግበት በቂ ምክንያት አለን ብለው ጽፈዋል። ያንን ሳነብ እናትሽ አልፋ ነበር። ብታነበው ኖሮ እያልኩ አለቀስኩ።

የንስሐ አባታችን ያኔ አንድ ቃል ነው ያሏት። «ልጄ፣ ውኃውን የቀደሰው እሱ ነው። ልጁንም የፈጠረው እሱ ነው። ለእሱ ተዪው።» ቀስ በቀስ እንቅልፍ የወሰዳት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ «ልጅሽ ሳይጠመቅ ቢቀር ይጠፋል» የሚል ቃል ከኔ አትሰሚም። ማንም እንዲልሽም አትፍቀጂ፤ ከኛ ወገን ቢሆንም። ይጠመቅ የምለው ከፍርሃት አይደለም። አማርኛ ሳታስጠኚው ነው የምታናግሪው። ስም ያወጣሽለት ሳትጠይቂው ነው። የምትወጂውም ሳያውቅሽ ነው። እግዚአብሔርስ ቀድሞ ቢወደው ምን አለበት? የኔ የሃይማኖት ትምህርት ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አሞኛል፣ እሱን አልደብቅሽም። በ19 ዓመትሽ አዳማ ተጠምቀሽ ስትመጪ ለእናትሽ «ገና አሁን ተጠመቅሁ» አልሻት። ማተብሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽው። እናትሽ ማድ ቤት ገባች። ስከተላት ድስት ሳትጥድ እሳቱ ፊት ቁጭ ብላለች። እኛ «አንዲት ጥምቀት» እያልን የምንጸልይ ሰዎች ነን። «ገና አሁን» ስትይ ሰማንያኛ ቀንሽ አልነበረም ማለትሽ ነው።

ነበረ፣ ልጄ። እኔ እዚያ ነበርኩ። ገና አልነጋም፣ ውርጭ ነበር። ሦስት ጊዜ ሲነክሩሽ ፊትሽ ቀልቶ ጮህሽ። ሜሮን ሲቀቡሽ ዝም አልሽ። ከዕርፈ መስቀሉ ጠብታ ሲሰጥሽ ከንፈርሽን ላስሽ። እናትሽ እያየችሽ ስትስቅ ከወንድምሽ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የሁለተኛውን ጥምቀትሽን ካጂ አልልሽም፤ ከልብሽ እንደገባሽበት አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ግን ምንም አልነበረም አትበይኝ። ያንን ብቻ።

ማተብሽ አለ። መዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ ነው፣ አልጣልኩትም።

ውሳኔው የአንቺና የባለቤትሽ ነው። ተነጋገሩ። እሱ የእናቱን ልብ ስለሚያውቅ አትጫኚው፤ እሱም አይጫንሽ። በዚህ ጉዳይ አራስ ቤት ውስጥ ኩርፊያ እንዳይገባ እለምንሻለሁ።

እናትሽ ለወንድምሽ ክርስትና ብላ የሰፋችው ነጭ ቀሚስ ነበር። እሱ ሳይለብሰው ቀረ፣ አንቺ ለበስሽው። ሳጥኗ ውስጥ ነው፤ ትናንት አውጥቼ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አንገቱ ላይ ትንሽ ቢጫ ብሏል፣ የሜሮኑ ቅባት ይሆናል፤ አጥብቄ አላሸሁትም። የአክስትሽ ልጅ ሐሙስ ወደ አዳማ ስለምትወርድ በእሷ እልከዋለሁ። ብታስጠምቂውም፣ በጸሎት ብታስባርኪውም ይልበሰው። እጀታው ሰፋ ካለበት አጥፊው፣ አትቁረጪው።

አርባኛው ቀን ላይ ቅዳሴ እቆማለሁ። ስሙን ጠርቼ እጸልያለሁ፣ በምትጠሩት ስም።

አባትሽ