ዮጋ አስተማሪ ልትሆኚ ነው አሉ

ውድ ልጄ፣

ሰላም ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ብላለች። ደሴ ሰሞኑን ብርዷን ለቃዋለች። የጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ነው የሚውለው።

የዮጋ አስተማሪነት ሥልጠና ልትገቢ መሆኑን ስትነግሪኝ ስልኩ ላይ ብዙም አላወራሁም። ከፍቶኝ አይደለም። ዕድሜ ልኬን ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ፊሽካዬን ሰቅዬ ጡረታ ብወጣም የማስተማር ወሬ ሲነሳ ሳላሰላስል መልስ አልሰጥም። አሁን አሰላስያለሁ።

መጀመሪያ ወደ ጥያቄሽ። አንድ ወር ሕንድ ሄዶ መጨረስ ይሻላል ወይስ ቅዳሜና እሑድ እየተማሩ ወራት መውሰድ? ሪሺኬሽ የምትባለው የሕንድ የዮጋ ከተማ እንደምታጓጓ ይገባኛል። የጋንጀስ ወንዝ አለ፣ ተራራው አለ፣ ፎቶውም ያምራል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ቀስ የሚለውን ምረጪ። ሥልጠናው 200 ሰዓት ነው፤ ያ በአንድ ወር ማለት በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ጡንቻ ቶሎ ይለምዳል፣ ጅማት ግን ዘገምተኛ ነው። ቻቱራንጋ፣ ያ እንደ ፑሽ አፕ ዝቅ የሚባልበት አቋም፣ በቀን ስንት ጊዜ ሲደጋገም ትከሻና የእጅ አንጓ ይከፍላሉ። ወደ ፊት መታጠፍ ሲበዛ ደግሞ የጭን ጀርባው ጡንቻ ከመቀመጫ አጥንት ጋር የሚያያዝበት ጅማት ይቆጣል። እሱ ከተቆጣ ለወራት አይለቅም። ስንቱን ሯጭ ቁጭ ሲያደርግ አይቻለሁ።

ቀስ ያለው ሥልጠና ሌላም ጥቅም አለው። ቅዳሜ የተማርሽውን ሳምንቱን ሙሉ ቤትሽ ትሞክሪዋለሽ። የማይገባሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ። በአንድ ወር ሥልጠና ግን ጥያቄው የሚመጣልሽ አውሮፕላን ላይ ነው።

ስለ ሰርተፍኬቱ ብዙ አትጨነቂ። ዮጋ አሊያንስ የሚባለው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ መዝጋቢ ድርጅት ነው። መንግሥት የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ አይደለም። የሱን መስፈርት አንብቤዋለሁ። ከ200ው ሰዓት ውስጥ ስለ ሰው አካልና አሠራሩ የግድ የሚባለው 30 ሰዓት ነው። 30 ሰዓት! እኔ ጉልበትን ብቻ ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ። ስለዚህ ማሠልጠኛ ስትመርጪ አዳራሹ ማማሩን ተይውና የአካል ጥናቱን ማን እንደሚያስተምር ጠይቂ። ከዚያ በኋላም መጽሐፉን አትዝጊ።

አሁን ወደ አያትሽ ልምጣ። "ይሄ ነገር ሃይማኖት ነው ወይ?" ብላ ጠይቃኛለች። ጎረቤትም መጠየቁ አይቀርም። አገሩ ወሎ ነው፣ ባንድ ቤት ረመዳንም ሁዳዴም የሚጾምበት። የሰው እምነት እዚህ ብርቅ ስላልሆነ ሰው ሳያፍር ይጠይቃል። አንቺም ሳታፍሪ መልሺ። ሥሩ ሕንድ ነው። ከሂንዱ፣ ከቡድሃና ከጃይን እምነቶች ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው። "ኧረ ስፖርት ብቻ ነው" ብለሽ አታድበስብሺ። ውሸት ይሆናል፣ የሰዎቹንም ባህል መናቅ ነው።

ግን ሌላውንም ንገሪያቸው። የጥንቱ የሕንድ ሊቅ የፓታንጃሊ የሚባሉት የዮጋ አንቀጾች ከ190 በላይ ናቸው። ከነዚያ ውስጥ ስለ አቀማመጥ የሚያወሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የቀረው ስለ ጠባይ፣ ስለ ትንፋሽ፣ ሐሳብን ስለ መሰብሰብ ነው። ዛሬ ሰው ዮጋ ሲባል የሚያስበው ያ ተከታታይ እንቅስቃሴ አብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ክሪሽናማቻርያ የሚባሉት መምህር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሕንድ ውስጥ በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን ያስተምሩ ነበር። ስመ ጥሮቹ የዮጋ መምህራን አየንጋር፣ ፓታቢ ጆይስ፣ ኢንድራ ዴቪ ሁሉም የሳቸው ተማሪዎች ነበሩ። የዚያ ዘመን ጅምናስቲክም ገብቶበታል ብለው የጻፉ አጥኚዎች አሉ። አንቺ የላክሽልኝን ቪዲዮ ሳይ "ይቺንማ አውቃታለሁ" ያልኩት ለካ በከንቱ አልነበረም።

ስለዚህ ክላስሽ ላይ ኦም የሚባለውን የሕንዶች ቅዱስ ድምፅ ማሰማት የማይፈልግ ሰው ካለ ዝም ይበል። ዝም ማለት እንደሚቻል ግን ሰው ከመጨነቁ በፊት አስቀድመሽ ተናገሪ። ይሄንን ለአያትሽ ሳስረዳት አሰበችና "እንዲያ ከሆነ አብሽሪ በላት" አለችኝ። ይኸው ብያለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። "ሶላት ዮጋ ነው፣ ስግደት ዮጋ ነው" ብለሽ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊ። የሚለጥፉ አይቻለሁ። አያትሽ በቀን አምስት ጊዜ ግንባሯን መሬት የምታስነካው ለወገቧ ብላ አይደለም። የእናትሽ አጎትም መቋሚያቸውን ይዘው ሌሊቱን ማህሌት የሚቆሙት ሚዛን ለመጠበቅ አይደለም። ይልቅ ስትመጪ ተቀምጠሽ እያቸው። አያትሽ በዚህ ዕድሜዋ ከመሬት ስትነሳ የትኛውን እግር እንደምታስቀድም፣ እጇን የት እንደምታሳርፍ ልብ በይ። ወጣቶቹ የቢሮ ሠራተኞች ያቃታቸውን ነው የምታደርገው። ይሄን ማየት የሚችል ዓይን ካገኘሽ ግማሹን ተምረሻል።

አሁን ዋናው ነገር። ማስተማር የራስሽን ልምምድ ይበላዋል። ይሄን ማንም አይነግርሽም፣ ምክንያቱም ሲበላ አይታይም። በቀን ሦስት ክላስ ይኖርሽና "ዛሬማ ሠርቻለሁ" ትያለሽ። አልሠራሽም፤ አሳይተሻል። እያወራሽ ትንፋሽሽን በሥርዓቱ መሳብ አትችይም። ዓይንሽ ተማሪዎቹ ላይ ነው። ሰውነትሽን ሳታሟሙቂ ዘለሽ ትገቢያለሽ። ልብ ብለሽ ካየሽው ደግሞ ሁልጊዜ የምታሳዪው በአንድ ጎን ነው። ከዓመት በኋላ አንዱ ዳሌሽ ለብቻው መናገር ይጀምራል። እኛ የስፖርት አስተማሪዎች ይሄን በደንብ እናውቀዋለን።

ሠርግ ለሠርግ ሲዞር የሚከርም ማሲንቆ መቺ አይተሻል። አምባሰልን ሕዝብ ፊት ቢጫወት እልል ይባልለታል። ጣቱ የሚሠለጥነው ግን ቤቱ ብቻውን ሲቀመጥ ነው። አንቺም ሰው የማያይሽ ሰዓት ይኑርሽ። ጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሆድሽ ባዶ ሳለ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ቪዲዮ አትቅረጪ። በየቀኑ አዲስ ነገር አትፈልጊ፤ ያችኑ አጭር ተራ ደጋግሚያት። ለውጥ የሚታየው ነገሩ ሳይቀየር ሲቀር ነው፤ ትናንት የታጠፈው ጉልበት ዛሬ እንቢ ካለ ወዲያው ታውቂያለሽ። በመጨረሻም ሳትንቀሳቀሺ ተቀመጪ። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው፣ ሲያስተምሩም ሰው የሚዘለው እሱን ነው። የክላስ ገንዘብ ቢቀርብሽም ይቺን ሰዓት አትሽጫት።

ስለ መንካት ደግሞ በአጭሩ። ሰው ሲታጠፍ ጀርባውን ጫን አታድርጊ። ጫን ስትይው ይወርዳል፣ ግን ምን እንደወረደ አታውቂም። ስትነኪም ጠይቀሽ ንኪ፣ እንቢ ሲሉም አትቀየሚ። ስማቸው በዓለም የታወቀ የዮጋ መምህራን በዚሁ በመንካት ጉዳይ በተማሪዎቻቸው ተከሰዋል። በዮጋ ሥነ ምግባር የመጀመሪያው ደንብ ጉዳት አለማድረስ ነው፤ ሥልጠናውን በተጓጓሽበት በዚህ ጊዜ ይሄ ቀላል ይመስልሻል።

ትንፋሽንም በጥንቃቄ ያዢ። ድሮ ከኮምቦልቻ ለውድድር የሚመጡ ልጆች ነበሩኝ። ደሴ ከኮምቦልቻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እታች እንደ ልባቸው የሚሮጡ ልጆች እዚህ ሁለት ዙር ሳይሞሉ ያለከልኩ ነበር። ስለዚህ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ያዙ" ብለሽ ለሁሉም አንድ ቁጥር አትስጪ። ደም ግፊት ያለበትና ነፍሰ ጡር ትንፋሽ አይያዙ። ግላኮማ ያለበት በጭንቅላቱ አይቁም፤ የዓይኑ ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ይሄን ክላስ ሳትጀምሪ ጠይቂ። በሰው ፊት ሳይሆን ለየብቻ፣ ምክንያቱም የኛ ሰው ሕመሙን በአደባባይ አይናገርም።

ሥልጠናውን ስትጨርሺ ወደዚህ ነይ። ሰኔ 14 የዓለም የዮጋ ቀን ነው አሉ፤ ለሱ ብትደርሺ ጥሩ ነበር፣ ካልሆነም ክረምቱ ሳይጠና። የኛ የጡረተኞች ቡድን ወሬሽን ሰምቶ ይጠብቅሻል። ካሁኑ ልንገርሽ፦ ሁለቱ ደም ግፊት አለባቸው፣ አንዱ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆኗል፣ አንዷ ወገቧን ታማለች፣ መሬት ተቀምጦ የሚነሳ እምብዛም የለም። አየንጋር ሰውነታቸው ላልታዘዘላቸው ሰዎች ወንበር፣ ቀበቶና ጣውላ ይጠቀሙ ነበር። ወንበሩን ከቀበሌ አዳራሽ እዋሳለሁ። ምንጣፍ እንዳትገዢ፣ እዚህ ያለው ይበቃል። አንቺ የአንድ ሰዓት የትምህርት ዕቅድ ጻፊና አስቀድመሽ ላኪልኝ። ቀዩ እስክሪብቶ አሁንም አለኝ።

አባትሽ
ከደሴ