ስለ «የሰነድ ወጪ» ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ኢንቮይስ ላይ «የሰነድ ወጪ» የሚል መስመር አይታችሁ ብዙዎቻችሁ እንደተቆጣችሁ ሰምቻለሁ። «የምንገዛው ወይን ነው ወይስ ወረቀት?» ያለንም አለ። ሳታስቡት ስለመጣባችሁ ይቅርታ። ክፍያው ግን ይቀጥላል፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የዝዋይ ወይን ፍራንክፈርት ወይም ሮም ያለው ምግብ ቤታችሁ እስኪደርስ የባንክ ፈቃድ፣ ፓኪንግ ሊስት (በየካርቶኑ ያለው እቃ ዝርዝር)፣ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀትና ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የእቃ መግለጫ) ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ቪአይ-1 የሚባል ሰነድ ይጠይቃል። እሱ ላይ የአልኮሉ መጠን፣ አሲዱ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ሳይቀር በላብራቶሪ ተመርምሮ ይሰፍራል። ቀዩ ለብቻው፣ ነጩ ለብቻው። ይሄን ሁሉ እየሞላን፣ ፊርማና ማህተም ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ እየዞርን ነው የምንጨርሰው። አንዲት ቁጥር ከኢንቮይሱ ጋር ካልገጠመች ሰነዱ ይመለሳል፣ እቃው ደግሞ ወደብ ላይ ቆሞ ኪራይ ይቆጥርብናል።

«ከ100 ሊትር ካልበለጠ ቪአይ-1 አይጠየቅም፣ ለምን ትንሽ ትንሽ አትልኩልንም?» ያላችሁን ልክ ናችሁ። ባለ 12 ጠርሙስ 11 ካርቶን 99 ሊትር ነው፣ ያልፋል። ሌላው ወረቀት ግን አይቀርም። ለ11 ካርቶንም ለሙሉ ኮንቴይነርም የሚሞላው ዲክላራሲዮን ያው ነው፣ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽምልን ትራንዚተርም ካርቶን ቆጥሮ አይቀንስልንም። ትልልቆቹ ላኪዎች ይሄን ወጪ በሺህ ጠርሙሶች ያካፍሉታል። እኛ ያለን የእናንተ ጥቂት ካርቶኖች ናቸው።

በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ «እናንተማ በዩሮ ትሸጣላችሁ፣ ተጠቀማችሁ» ተባልን። ግን የጠርሙሱ ቡሽ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የመርከቡም ሂሳብ በዶላር ነው። ያኔ ጭማሪውን እኛው ቻልነው፣ አንድም ደብዳቤ አልጻፍንላችሁም። ይሄ እንዲረሳ አልፈልግም።

«ኢትዮጵያ ደግሞ ወይን አላት እንዴ?» በሚባልበት ጊዜ ናሙና በሻንጣ ይዤ ደጃችሁን ያንኳኳሁት እኔው ነኝ። ብዙዎቻችሁ ቡና አፍልታችሁ ነው የተቀበላችሁኝ። ከእናንተ አላግባብ ሳንቲም የምወስድ ሰው አይደለሁም፣ እንደዚያ መታሰቡ ከክፍያው ይልቅ ከብዶኛል።

ከአሁን በኋላ ትእዛዝ ሰብስበን በየሦስት ወሩ አንድ ላይ እንልካለን፣ የሰነዱንም ወጪ በካርቶን ልክ እናካፍላለን። አንድ ከተማ ያላችሁ ተነጋግራችሁ አብራችሁ ብታዙ ድርሻችሁ በጣም ይቀንሳል። ሌላ አቅራቢ ለመፈለግ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ደውሉልን፣ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እናሳያችኋለን። የሚቀጥለው ጭነት ትእዛዝ እስከ ወሩ መጨረሻ ይድረሰን።