ለእማየ፦ ክፍል ሳይገባ ስለሚማሩት ማስተርስ

ደሴ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እማየ፣ አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጦሳ ተራራ ዛሬም ጉም ለብሶ ነው ያረፈደው፤ ባቲ ግን ሙቀቱ እንዳልለቀቃችሁ እገምታለሁ።

«መምህር ሳይታይ፣ ክፍል ሳይገባ ምን ዓይነት ማስተርስ ነው? ደግሞስ ጤና ነው ወይስ ኮምፒውተር?» ያልሽኝን በስልክ አስረድቼ አልጨርሰውም ብየ ነው የጻፍኩልሽ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ስሙ «ዲጂታል የጤና ተግባቦት» ነው፤ ከእንግሊዝ አገር በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ነው። መድኃኒት ማዘዝ አያስተምርም፣ ኮምፒውተር መጠገንም አይደለም። ትክክለኛ የጤና መልእክት በስልክ፣ በሬዲዮ ወይም በቴሌግራም ተልኮ ለምን ሰው ዘንድ ሳይደርስ እንደሚቀር፣ ደርሶም ለምን እንደማይሠራበት የሚጠናበት ነው።

ጥያቄው ከስልክ በፊት የነበረ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ራጅ በመኪና ተጭኖ በነጻ እስከ ሰፈር ይመጣ ነበር፤ ብዙው ሰው ግን አልተነሣም። የመንግሥት የጤና አገልግሎት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ምክንያቱን ሲያጠኑ ያገኙት ዛሬም የመጀመሪያው ኮርስ መሠረት ነው። ሰው የሚንቀሳቀሰው በሽታው እኔንም ያገኘኛል ሲል፣ ከባድነቱ ሲገባው፣ ምርመራው እንደሚጠቅመው ሲያምን፣ ውጣ ውረዱ ከጥቅሙ ሲያንስለት፣ ከዚያም አንድ የሚቀሰቅሰው ነገር ሲያገኝ ነው። ኋላ ላይ «እችለዋለሁ» ማለትም ተጨመረበት።

ይህን ወደ ባቲ አምጪውና ስለ አጎበር አስቢ። አጎበር የማይዘረጋ ሰው ሁሉ ስለ ወባ ስላልሰማ አይደለም። አንዱን ሙቀቱ ያፍነዋል፤ አንዱ ቤቱ ውስጥ ማንጠልጠያ ምስማር የለውም፤ ሌላው «ወባን ለምደናታል» ባይ ነው። ለሦስቱም «አጎበር ተጠቀሙ» ብሎ አንድ መልእክት መላክ ለአንዳቸውም አይበጅም። የመጀመሪያው የሚተኛበትን ቦታ ስለ መቀየር፣ ሁለተኛው ስለ ገመድና ምስማር፣ ሦስተኛው የለመዳት ወባ በታዳጊ ሕፃንና በነፍሰ ጡር ላይ ስለምታደርሰው መስማት አለባቸው።

ከዚያ መሣሪያው ይመጣል፤ እዚህ ጋ ከሌላ አገር የተቀዳ ነገር እኛ ዘንድ በየት በየት እንደሚሰበር ማወቅ ትልቅ ሙያ ነው። አጭር የስልክ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ አንዱ እስከ 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ሁሉ ተቆጥሮ። ከ70 ካለፈ ይከፈልና እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል፣ ሂሳቡም እንደ ሁለትና ሦስት መልእክት ይሆናል። ወጪ ለመቆጠብ ብሎ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚልክ አለ፤ ያንን ደግሞ ፊደል ቆጥረው የተማሩ አዛውንቶች አያነቡትም። ስለዚህ ማሳጠር መማር ግድ ነው። «ልጅዎን ካተኮሰው ዛሬውኑ ጤና ኬላ ወስደው ያስመርምሩ። እስከ ነገ አይጠብቁ።» ይህ 48 ነው። ማን፣ መቼ፣ የት የሚለው ሁሉ አለበት፤ «ኅብረተሰባችን ግንዛቤውን በማሳደግ» የሚል ሐረግ ግን አንድም ቦታ የለውም።

ሰዓቱ ሌላው ነው፤ ይህን ለራስሽም ያዢው። የመድኃኒት ማስታወሻ የሚሰጡ የስልክ መተግበሪያዎች በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠሩት። «8:00» የሚለው ጠዋት ከሆነ በእኛ 2 ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ያነበበ ሰው ክኒኑን 6 ሰዓት አዘግይቶ ይወስዳል ማለት ነው። ያንቺ የደም ግፊት ክኒን ማስታወሻ ሲጮህ ቁጥሩን አትይው፤ ጠዋት ከቁርስ ጋር ነው፣ በቃ። የቀጠሮ ቀንም እንዲሁ ነው፦ «10/5» ብሎ የተጻፈውን አንዱ ጥር 10፣ አንዱ ሰኔ 5፣ ፈረንጁ ደግሞ ሌላ ያደርገዋል። ወሩን በስሙ መጻፍ ነው የሚሻለው።

ለማያነብ ሰው ድምፅ ይሻላል። ገበሬው በ8028 ደውሎ ስለ ዘርና ማዳበሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ እንደሚሰማው ዓይነት ማለቴ ነው። የሰኞ ገበያችሁን አስቢው፤ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አፋርኛው አንድ ላይ ነው የሚገናኘው፤ በአንድ ቋንቋ የተሠራ መልእክት ገበያውን አይሸፍነውም። ግን ድምፅም ይሰለቻል። በ2012 ኮሮና ሲገባ ስልክ በተደወለ ቁጥር ስለ እጅ መታጠብ ይሰማ የነበረውን ታስታውሻለሽ። ማንበብ ለማይችለውም መድረሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ያው ቃል ሲደጋገም ግን ጆሮ ይዘጋል። እንዲህ ያለው መልእክት በየጊዜው ቃሉም፣ ተናጋሪውም መቀየር አለበት።

አጥብቄ የማስበው ግን የስልኩን ባለቤት ነገር ነው። ስንት ቤት ነው አንድ ስልክ ለአምስት ሰው የሆነው? ስልኩ ባል ኪስ ውስጥ እያለ ለሚስት የተላከ የቤተሰብ ምጣኔ ቀጠሮ፣ ወይም በሁሉም ፊት የሚነበብ የኤችአይቪ መድኃኒት ማስታወሻ ቤት ያፈርሳል። ስለዚህ የበሽታውም የመድኃኒቱም ስም አይጻፍም፤ «ነገ ቀጠሮ አለዎት» ይበቃል። ቁጥሩን ከመመዝገብ በፊትም ስልኩ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያነበው፣ በስንት ሰዓት ቢላክ እንደሚሻል ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። አገራችንም በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፤ ነገሩ ከምግባር አልፎ ሕግ ሆኗል።

ወሬስ? በ2011 የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መሰጠት ሲጀምር «መካን ያደርጋል» የሚል ተነዛ። ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው ወሬውን ርእስ አድርጎ «ክትባቱ መካን አያደርግም» ብሎ ሲለጥፍ ነው። አንባቢው ቆይቶ «ክትባት» እና «መካን» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ሊያስታውስ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ እውነቱ፣ ክትባቱ የካንሰሩን ዋና መንሥኤ የሆነውን ቫይረስ እንደሚከላከል። ከዚያ ወሬ እንዳለ አንድ ጊዜ ብቻ መጥቀስ፣ ለምን ሐሰት እንደሆነ መንገር፣ መጨረሻ ላይ እውነቱን መድገም። ከሁሉም በላይ የሚናገረው ሰው ማንነት ይወስናል። ጤና ኤክስቴንሽኗ የምትታመነው በየቤቱ ስለምትገባና ልጆቹን በስም ስለምታውቅ ነው፤ ስልክ የእሷን እግር ሊያግዝ ይችላል እንጂ ሊተካት አይችልም። የዱዓ እናቶቻችን ዱበርቲዎቹ ለዱዓ በምንሰበሰብበት ወዳጃ ላይ «አስከትቡ» ቢሉ ከመቶ ቴሌግራም ይበልጣል።

እንግዲህ አማማሩን ልንገርሽ። የእንግሊዝ አገር ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት እንደ 10 ሰዓት ሥራ ይቆጠራል፣ ጠቅላላው 1800 ሰዓት። ከሥራ ጋር በሁለት ዓመት ሲከፋፈል በሳምንት 17 ሰዓት ገደማ ይመጣል፤ የዕረፍት ሳምንታት ሲቀነሱ ደግሞ ከ20 ያልፋል። ከ180ው 60ው የመመረቂያ ጽሑፉ ነው፣ 600 ሰዓት ማለት ነው። ሰዎች የሚወድቁት ትምህርቱ ስለሚከብድ ብቻ አይደለም፤ «በኢንተርኔት ስለሆነ በትርፍ ጊዜ ይደረሳል» ብለው ሁለት ሳምንት ሲያሳልፉ 35 ሰዓት ይከመርባቸዋል። እኔ አምስት ምሽት ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት መድቤያለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ስልኬ ዝግ ቢሆን አትደንግጪ፤ እሑድ ጠዋት እኔው እደውላለሁ።

የማስረከቢያ ሰዓቱም በለንደን ነው። «ዓርብ 12:00 ቀን» ከተባለ እስከ ጥቅምት ድረስ በእኛ 8 ሰዓት ነው፤ በጥቅምት ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱት 9 ሰዓት ይሆናል፣ በመጋቢት ተመልሶ ይቀየራል። አሥራ ሁለት ሰዓት ማታ የመሰለው ተማሪ ጽሑፉ አልቆ ሳለ በመዘግየት ነጥብ ይቀነስበታል። መብራትና ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ትምህርቱን አውርዶ መያዝ፣ አሳይመንቱንም ከአንድ ቀን በፊት መላክ ነው መፍትሔው። በቀጥታ ስብሰባ ጊዜ ካሜራ ማጥፋት ዳታውን በብዙ እጥፍ ይቀንሰዋል። ውጤቴን ስነግርሽ ደግሞ ቁጥሩ አያሳዝንሽ፤ እዚያ 50 ማለፊያ፣ 60 ጥሩ፣ 70 ደግሞ ከፍተኛው ማዕረግ ነው።

ስለ ብሩ የጠየቅሽኝን፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ በየሞጁሉ፣ ማለትም በየትምህርት ክፍሉ፣ ተከፋፍሎ ይከፈላል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የዓመቱን በብር አስልቶ መጨረስ አይቻልም፣ መጠባበቂያ መያዝ ያስፈልጋል። መሬቱን ለማንም አታከራዪብኝ፣ ከደመወዜ ነው የምከፍለው። የዲግሪው አቻ ግምት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚጠየቅ ስለሆነ፣ ይህንንም ከመመዝገብ በፊት ማጣራት ያሻል፤ ከተመረቁ በኋላ አይሆንም።

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። በእህቴ ስልክ የ40 ሴኮንድ የድምፅ መልእክት እልክልሻለሁ፣ ስለ ሕፃናት ትኩሳት ነው። ሰኞ ከገበያ መልስ ሴቶቹ ቡና ሲጠጡ፣ አቦል ጀባ ከተባለ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሰሚልኝ። ቀድመሽ ምንም አታስረጂ። «ገባችሁ?» አትበያቸው፤ ለአንቺ ሲሉ ገባን ነው የሚሉት። «ለጎረቤትሽ ብትነግሪያት ምን ትያታለሽ?» በያቸው፣ አንድ በአንድ። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከሳቱ ቃሉ ነው ጥፋተኛው፣ ያንን እቀይረዋለሁ። ኦሮምኛ የሚቀናትን ጎረቤትሽን አትርሺብኝ። ስማቸው አይጻፍ፣ ድምፃቸውም አይቀረጽ፤ እህቴ ያሉትን ብቻ በወረቀት ትያዝልኝ፤ የሳቱትንም ሳታርም፣ እንዳሉት አድርጋ።

ዱዓሽ አይለየኝ።

ልጅሽ