መጀመሪያ ጭሱ ይውጣ፦ ለሰርኪዩት ቦርድ ክፍላችን የድጋፍ ጥሪ

በጋራ ወርክሾፓችን ውስጥ ሰርኪዩት ቦርድ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች በመዳብ መስመር የሚገናኙበት ሰሌዳ፣ የሚሠራበት ትንሽ ክፍል አለ። ጠረጴዛውም ፍላጎቱም አለ። የሌለው አየር ማስወጫ ነው። እሱ እስኪገጠም ድረስ የኬሚካል ሥራ አይጀመርም ብለን ወስነናል። ይህን ጥሪ የምናቀርበውም ለዚሁ ነው።

ሰው ለአየር ማስወጫ ገንዘብ መስጠት ብዙም እንደማያጓጓው እናውቃለን። ማሽን ቢሆን ፎቶ ይነሣበታል። ቱቦና ፋን ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ቢሆንም ሥራው የተያዘው እዚያ ላይ ነው።

ቦርዱን ፋብሪካ አሠርታችሁ ለምን አታስመጡም የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው፤ ብዙ ቅጂ ለሚፈልግ ፋብሪካ ይሻላል፤ ጥራቱም ከእኛ ይበልጣል። ለጀማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብሬድቦርድ ላይ (ያለ ብየዳ ሽቦ እየተሰካ በሚሞከርበት ሰሌዳ) የሠራው ነገር ሽቦው በተነካ ቁጥር ይቋረጥበታል። ቦርድ አዝዞ ሲጠብቅ ሰንብቶ አንድ መስመር ተሳስቶ ቢያገኘው እንደገና ማዘዝ፣ እንደገና መጠበቅ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ግን ጠዋት የሣለውን ከሰዓት ይበሳዋል። ስህተቱንም እዚያው ያየዋል። ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አሠራሩ ለማያውቁት፦ ንድፉ የሚሣለው ኪካድ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሲሻሻል የኖረ ነው። ንድፉ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ተገልብጦ ይታተማል። ሳይገለብጥ አትሞ ቦርዱ ላይ ጽሑፉን ከቀኝ ወደ ግራ ያገኘ ሰው ሁለተኛ አይረሳም። ፕሪንተሩ የግድ ሌዘር መሆን አለበት። ወረቀቱ መዳብ በለበሰ ቦርድ ላይ ተደርጎ በሙቀት ይጫናል፤ የሌዘር ቶነር (የዱቄት ቀለሙ) ፕላስቲክነት ስላለው ቀልጦ መዳቡ ላይ ይጣበቃል፤ ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ፕሪንተር ይህን አያደርግም። ከዚያ ቦርዱ ፈሪክ ክሎራይድ በሚባል መዳብ የሚበላ ኬሚካል ውስጥ ይነከራል። የመዳቡ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 35 ማይክሮን ነው፤ ቶነር ያልሸፈነውን ኬሚካሉ በልቶ ይጨርሰዋል። የቀረው መስመር ነው እንግዲህ ሰርኪዩቱ።

አሁን ወደ ጣጣው እንምጣ። ፈሪክ ክሎራይድ ልብስ ከነካ እድፉ አይለቅም፤ ብረትም ይበላል። ስለዚህ ተራ የብረት ፋን አይሆነንም፤ ፕላስቲክ ቱቦና ዝገት የሚቋቋም ፋን ያስፈልጋል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ቀላቅለው የሚጠቀሙ አሉ። ይፈጥናል፤ ግን ትነቱ በአቅራቢያው ያለውን መሣሪያ ሁሉ ያዝገዋል። እኛ ለጊዜው አንነካውም። ዕቃዎቹ ቦርዱ ላይ ሲበየዱ የሚወጣ ጭስም አለ። ብዙዎች በመበየጃው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው እርሳስ (ሊድ) ነው የሚተነው ብለው ይሰጋሉ። ጭሱ በአብዛኛው ከቆርቆሮው ጋር ካለው ፍላክስ (ብየዳው በደንብ እንዲይዝ ከሚረዳው ማጽጃ) ነው የሚመጣው፤ ያም ቢሆን ሳንባ ያስቆጣል፣ አስም ላለበት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ወደ ወርክሾፑ ልጆችም ስለሚመጡ በዚህ ላይ ድርድር የለንም።

ያገለገለውን ኬሚካል ፍሳሽ ውስጥ አንደፋም። የሟሟ መዳብ አለበት፤ መዳብ ደግሞ ዓሣንና ሌሎች የውሃ ፍጥረታትን ይጎዳል። በፕላስቲክ ጀሪካን ተጠራቅሞ፣ ስሙ ተለጥፎበት፣ አደገኛ ቆሻሻ ለማስወገድ ፈቃድ ላለው መሰጠት አለበት። ይህም ገንዘብ ይጠይቃል።

ስለዚህ የምትሰጡት ገንዘብ መጀመሪያ ለፋኑና ለቱቦው ይውላል። የተረፈው ለጀሪካን፣ ለጓንት፣ ለዓይን መነጽርና ለቆሻሻው ማስወገጃ ነው። ለኪራይ አይነካም። የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ የፈለገ መጥቶ ያንብብ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የአንድ ጓንት ዋጋም ቢሆን ቦታ አለው።

ዕቃ ያላችሁም አስቡን። አሮጌ ሌዘር ፕሪንተር እስካተመ ድረስ ይጠቅመናል። ላሚኔሽን ማሽን ብናገኝማ ትልቅ ነገር ነው፤ በልብስ ካውያ ሲሆን ግፊቱ እኩል ስለማይደርስ መስመሩ ይቆራረጣል። ቁርጥራጭ የመዳብ ቦርድ እንቀበላለን። የ0.8 እና የ1 ሚሊሜትር ፑንታም እንዲሁ፤ ከካርባይድ የተሠራው ጠንካራው ፑንታ ትንሽ ወደ ጎን ከተጫኑት ቀጭ ይላል፣ ስለዚህ ሁሌም ያልቅብናል። በእጅ ከሚያዘው ትራፓኖ ይልቅ ቆሞ የሚበሳ ድሪል ቢገኝ ብክነቱ ይቀንስ ነበር። አሮጌ ኮምፒዩተር ግን እባካችሁ ይቅርብን፤ መቆሚያ አጥተናል።

ክፍሉ ሲከፈት ለሰጠም ላልሰጠም እኩል ክፍት ነው። ኪካድ የሚያስተምር ሰውም እንፈልጋለን፤ እሱ ግን ክፍሉ እስኪከፈት ይደርሳል። የአየር ቱቦ ዝርጋታ የሚያውቅ ካለ ከገንዘቡም በፊት ይምጣልን፤ ግድግዳው የት እንደሚበሳና ቱቦው ምን ያህል እንደሚረዝም ሳይለካ የፋኑን አቅም መምረጥ አንችልም።