ጀልባ ለመግዛት ላሰቡ አንባቢዎቻችሁ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የለንደን የቤት ኪራይ ያማረራቸው ሰዎች አሮጌ ጀልባ እየገዙ በከተማዋ ቦዮች ላይ መኖር መጀመራቸውን የሚገልጸውን ጽሑፋችሁን አንብቤያለሁ። አብዛኛው ትክክል ነው። እኔም በአውቶቡስ ሹፌርነት በማገኘው ደመወዝ አንዲት ክፍል ተከራይቶ መኖር ሲከብደኝ፣ የዕቁብ ዕጣዬን ከቁጠባዬ ጋር ደምሬ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራች፣ ርዝመቷ 15 ሜትር፣ ስፋቷ ግን ከሁለት ሜትር እምብዛም የማያልፍ የብረት ጀልባ ገዛሁ፤ ስድስት ዓመትም ኖርኩባት። ቅር ያሰኘኝ ጽሑፉ የጀልባን ኑሮ ከኪራይ የመገላገያ መንገድ አድርጎ ሲያቀርብ የፈቃዱን፣ የኢንሹራንሱንና የናፍጣውን ወጪ ቆጥሮ፣ ሳይታሰብ ስለሚመጣው ጥገና አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ ነው።

በራሴ ስህተት ልጀምር። ሻጩ ለአራት ዓመት የሚያገለግለውን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ሲያሳየኝ፣ ቦሎ አይቶ መኪና እንደሚገዛ ሰው፣ ጀልባዋ ጤነኛ ናት ብዬ አመንኩ። ያ ምርመራ የሚያየው ግን ጋዙን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ የነዳጅ ታንከሩን፣ ምድጃውንና እነዚህን የመሳሰሉ እሳት፣ ፍንዳታ ወይም ብክለት ሊያስከትሉ የሚችሉ ነገሮችን ነው። ከውሃ በታች ያለው ላሜራ በዝገት ምን ያህል እንደተበላ ወይም ሞተሩ ነገ ይነሣ እንደሆነ አይመለከትም። ይህን ያወቅሁት ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ቶተንሃም አጠገብ በሊ ወንዝ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ሌሊት ከሥራ ተመልሼ ጋደም እንዳልኩ ከወለሉ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ እየመጠጠ የሚያስወጣው ትንሽ ፓምፕ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ይህ ፓምፕ አልፎ አልፎ ቢነሣ አያስደነግጥም። የዚያን ሌሊት ግን ሰዓት ይዤ ብቆጥር በየአራት ደቂቃው ይነሣ ነበር። ውሃው ከወንዙ፣ ከዝናቡ ወይስ ከራሴ ቧንቧ እንደሚመጣ ለመለየት የኋላውን ወለል አንሥቼ በሞተሩ ዙሪያ አሮጌ ጋዜጣ ዘረጋሁ (የእናንተ አልነበረም)። መጀመሪያ የራሰው ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ከጀልባዋ አካል በሚወጣበት ቀዳዳ ሥር የዘረጋሁት ነው። እዚያ ውሃ የሚያግደው ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ በሁለት ዳዶ የሚጠብቅ፣ ቅባት የጠጣ ገመድ ነው። ገመዱ ሲያልቅ ዳዶዎቹን በጥቂት በጥቂቱ፣ ሁለቱንም እኩል እያደረጉ ማጥበቅ ለጊዜው ያዋጣል፤ ከልክ በላይ ካጠበቁት ግን ዘንጉ ይግልና ይበላል። የእኔ አንደኛው ዳዶ ዝጎ አልዞር ስላለኝ፣ የግራሶ መግፊያውን እያዞርኩ፣ ባትሪው አልቆ ፓምፑ እንዳይቆምብኝም እየጸለይኩ ቁጭ ብዬ አነጋሁ።

ገመዱ በጥቂት ፓውንድ የሚለወጥ ነበር። ሆኖም ለዚህ ሲባል ጀልባዋ ከውሃ ስትወጣ የላሜራዋ ውፍረት በመሣሪያ ተለካ። ሲሠራ 6 ሚሊሜትር የነበረው ጎኗ በውሃው ልክ ላይ 3 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ኢንሹራንሶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እንዳያንስ ይፈልጋሉ። በላዩ ሌላ ላሜራ መበየድ ነበረበት። ብየዳው ከውስጥ የተለጠፈውን የብርድ መከላከያ እንዳያቀጣጥል አልጋዬና የግድግዳው እንጨት ተነቅለው ወጡ። ሒሳቡ ከ7000 ፓውንድ አለፈ። መኪና ሲበላሽ ጋራዥ ይገባል፣ ሰውየው ቤቱ ይገባል፤ የእኔ ግን ጋራዥ የገባው ቤቴ ነውና ሦስት ሳምንት የአክስቴ ልጅ ሶፋ ላይ አደርኩ። እግዜር ይስጣት፣ በሌሊት ለሥራ ስነሣ ልጆቿን እየቀሰቀስኩባት አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አላጠቆረችብኝም።

ጽሑፉ ቋሚ ማቆሚያ የሌላቸው ጀልባዎች በየ14 ቀኑ ቦታ መለወጥ እንዳለባቸው ይገልጻል። እ.ኤ.አ. የ1995ቱ የብሪታንያ የውሃ መንገዶች ሕግ ግን እንደ ሁኔታው ምክንያታዊ ለሆነ ተጨማሪ ጊዜ መቆየትንም ይፈቅዳል። ስለዚህ ሞተር የተበላሸበት ሰው ቀኑ ሳያልፍ፣ ከፎቶግራፍና ከመካኒኩ ወረቀት ጋር፣ ለፈቃድ ሰጪው መጻፍ አለበት። የእኛ ሰው ለመሥሪያ ቤት መጻፍ ስለሚፈራ ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱ ደግሞ እንደ ጥፋት ይቆጠርበታል።

አትግዙ እያልኩ አይደለም። የስድስት ዓመቱን ጥገና፣ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ከሥር የሚቀባውን ሬንጅ ጨምሬ፣ ለወራቱ ባካፍለው በወር 250 ፓውንድ ገደማ ይደርሳል፤ ሌላው ወጪ ተደምሮበትም ከአንዲት ክፍል ኪራይ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ኪራይ ቀኑን ጠብቆ መምጣቱ፣ ጥገና ግን የሁለት ዓመቱን በአንድ ሌሊት ይዞ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ በየወሩ 300 ፓውንድ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ አስቀምጣለሁ፤ የዕቁብ ጓደኞቼም የጀልባዋ ዕቁብ እያሉ ይቀልዱብኛል።

ጉዳዩን እንደገና የምታነሡት ከሆነ፣ ገዢው ዋጋውን ከመጨረሱ በፊት ጀልባዋን ከውሃ አስወጥቶ፣ ሻጩ በመረጠለት ሳይሆን ራሱ በቀጠረው ባለሙያ ላሜራዋን እንዲያስለካ ጻፉለት። እኔ ለዚህ ምርመራ የሰሰትኩት 600 ፓውንድ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የለንደን አንባቢያችሁ