ለእናቴ፦ አዘጋጅተሽ ስለምታስቀምጪው ዱቄት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእጅሽ መገጣጠሚያ ሕመም ብሶብሽ ሊጥ ማሸት እንደተውሽ ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ ከዚያ አልወጣም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ለሳምንታት የሚቀመጥ፣ ጠዋት ያለ ምንም ማሸት ተበጥብጦ በመጥበሻ ላይ እንደ ለስላሳ ቂጣ (ፓንኬክ) የሚጋገር ድብልቅ ዱቄት አሠራሩን እጽፍልሻለሁ።

እዚህ አሜሪካ እንዲህ ያለው ዱቄት ቢስክዊክ በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ ይሸጣል። ገዝቼ ልልክልሽ አስቤ ነበር፤ ሆኖም ቅባቱ ቀድሞ ስለገባበት እንደ ደረቅ ዱቄት ብዙ አይቆይም። ከዚህም በላይ የአዲስ አበባን ከፍታ የሚያውቅ አይደለም። አየሩ ስስ በሆነበት ደጋ ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥረው ጋዝ ከመጠን በላይ ስለሚለጠጥ፣ ቂጣው ሳይበስል ብድግ ይልና መሐሉ ተመልሶ ይረግባል። 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው የዴንቨር ከተማ ነዋሪዎች እንኳ መጠኑን ይቀንሳሉ፤ አንቺ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነሽ።

መጠኑ ይህ ነው፦ 6 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አናቱ በቢላ የተስተካከለ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር (በቆላ ቢሆን 3 ይገባ ነበር)፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨውን ያሳነስኩት ለደም ግፊትሽ ብዬ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ራሱ ሶዲየም አለበትና እባክሽ አትጨምሪበት። ሁሉንም አንድ ላይ ሁለት ጊዜ በወንፊት አስነፊው፤ በደንብ ካልተዳረሰ አንዱ ጉርሻ መራራ፣ ሌላው ደረቅ ይሆናል። ቤኪንግ ፓውደሩ የቆየ ከሆነ አስቀድመሽ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በሙቅ ውሃ ላይ ጨምሪና እይው፤ ወዲያው ካልፈላ ኃይሉን ጨርሷል።

ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከድብልቁ ሆን ብዬ አስወጥቻለሁ፤ አንዱ ዱቄት ለጾምም ለፍስክም እንዲሆንልሽ ነው። በጾም 1 ኩባያ ዱቄት በአንድ ኩባያ ገደማ ውሃ፣ በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና በደንብ በተፈጨ ግማሽ ሙዝ በጥብጪ። በፍስክ ግን ወተት፣ አንድ እንቁላልና የቀለጠ ለጋ ቅቤ ይገባበታል። ትንንሽ ጓል ቢታይሽ አትጨነቂ፤ ብዙ ሲማታ ቂጣው ይጠነክራል። ጥቂት ደቂቃ አሳርፈሽ በሞቀ መጥበሻ ላይ በጭልፋ አፍስሽ፣ እሳቱንም መለስተኛ አድርጊው። ፊቱ ላይ የሚወጡት አረፋዎች ፈንድተው ዓይናቸው ክፍት ሆኖ ሲቀርና ዳር ዳሩ ሲደርቅ ያኔ ገልብጪው። ከዚያ በፊት ከነካሽው ይቀደዳል።

ዱቄቱ የሚቀመጠው ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ማሰሮ ሆኖ ከምድጃው እንፋሎት ርቆ ነው፤ እርጥበት ከነካው ቤኪንግ ፓውደሩ እዚያው ይሠራና ይሞታል። የተዘጋጀበትን ቀን ክዳኑ ላይ አስጽፊ፤ ከሦስት ወር በላይም አታቆዪው። ማደባለቁን ለእህቴ ልጅ ስጪያት እንጂ ወንፊቱን አንቺ አታንሺ፤ ጠዋት የሚቀርልሽ በማንኪያ ማማሰል ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ስትጋግሪ እንዴት እንደወጣ ንገሪኝ፤ መሐሉ ከረገበ በሚቀጥለው ቤኪንግ ፓውደሩን በግማሽ የሾርባ ማንኪያ እንቀንሳለን።

አክባሪ ልጅሽ