ለፕሮጀክት ቡድን አባላት፦ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት

ሰላም አባላት፣

የክሊኒክ ካርድ ክፍል የኮምፒውተር ሥርዓት ለምትሠሩ ሁሉ። መጀመሪያ ላፕቶፑን ዝጉና፣ ጎንደር ውስጥ ማራኪም ይሁን አዘዞ ባለ ክሊኒክ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ካርድ አውጪዋ አጠገብ ሁለት ጠዋት ተቀመጡ። ባዶ ቅጽ ለምኑ፤ የታካሚ መረጃ ያለበትን ግን እንዳትወስዱ።

ስም በሦስት ዓምድ ይግባ፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ከውጭ ናሙና አትቅዱ። አንዱን ታካሚ ከሌላው የሚለየው መለያ ቁልፍም የካርድ ቁጥር እንጂ ስም አይሁን።

ብዙ ፕሮጀክት የሚወድቀው ፍለጋ ላይ ነው። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ሴት «ጸሀይ» ተብላ ስትፈለግ አትገኝም፤ ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ያኔ ሁለተኛ ካርድ ይወጣላታል፣ የሕክምና ታሪኳም ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ስሙን እንደተጻፈ አስቀምጡ፤ ከጎኑ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው የቀየረ የፍለጋ ዓምድ ጨምሩ። ሃ እና ሀ፣ ኣ እና አ እንዳይረሱ። ዳታቤዙ ዩቲኤፍ-8 (የግዕዝን ፊደል ጭምር የሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) ካልሆነ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ አይመለስም።

ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ይቀመጥ፣ ስክሪን ላይ በኢትዮጵያ ይታይ። በጳጉሜን 6 ቀን 2015 ፈትኑት።

መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ ክፍያው ተመዝግቦ ካርዱ እንዳይቀር ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን እሰሩ፤ ማለትም ወይ ሁለቱም ይመዝገቡ ወይ አንዱም አይመዝገብ። ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) በየማታው ወደ ሌላ ዲስክ ይሂድ፤ በወር አንዴም ባዶ ማሽን ላይ መልሳችሁ ጫኑት፤ ያልተፈተነ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።